የእሳት ማስጠንቀቂያ ፓነል ሽቦውን እንዴት ይከታተላል? ሬሌው ላይ ሲደርስስ?

መብራት ካልበራ በዚያው ምሽት ይታወቃል። ሶኬት ካልሠራ ስልኩን ሊሰካ የመጣ ሰው ይናገራል። የእሳት ማስጠንቀቂያ ግን ለዓመታት አንዴም ሳይጮህ ሊቀመጥ ይችላል። የሚፈለገው በአንድ ቀን፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሽቦው ከስድስት ወር በፊት ተበጥሶ እንደነበር በዚያ ሰዓት ማወቅ ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ፓነሉ፣ ማለትም የማስጠንቀቂያው ዋና መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ እሳትን ከመጠበቁ በፊት ሌላ ሥራ አለበት። የራሱን ሽቦ መጠበቅ። ይህ ነገር የገባው ሰው የትኛውንም ፓነል ከፍቶ ሥዕሉን ማንበብ አይከብደውም። ያልገባው ደግሞ ሥዕሉን ቁጭ አድርጎ ገልብጦ እንኳ ምንም የማይጠብቅ መስመር ሊሠራ ይችላል። ክትትሉ የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅም እኩል ያስፈልጋል። የሚያልቀው ሬሌው ላይ ነው፤ ፓነሉ ፋንን፣ በርን ወይም ሊፍትን የሚያዝበት በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ። ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚያው ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ሬዚስተር

በእጅ የሚጫን አንድ የእሳት ቁልፍ በሁለት ሽቦ ከፓነል ጋር አገናኘን እንበል። ሰው ሲጫነው ኮንታክቱ ይገጥማል፣ ከረንት ያልፋል፣ ፓነሉ ይጮኻል። ካልተጫነ ከረንት የለም። እስካሁን ጥሩ ነው። ችግሩ፣ አይጥ ሽቦውን ብትቆርጠውም ከረንት የለም። ለፓነሉ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሰላሙን ከብልሽቱ የሚለይበት መንገድ የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመስመሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች የመጨረሻው ላይ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ ይታሰራል። አሁን ሰላም በሆነ ጊዜም ትንሽ ከረንት ሁልጊዜ ይዞራል። የሌሊት ጥበቃ በየጊዜው «አለሁ» እንዲል እንደማድረግ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ሌባ ባይመጣም አንድ ነገር ተፈጥሯል።

በቁጥር እንየው። አብዛኞቹ ፓነሎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ዲሲ ነው። መጨረሻ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢኖር፣ 24ን ለ4,700 ስናካፍል 5 ሚሊ አምፔር ገደማ እናገኛለን። ፓነሉ የራሱ መገደቢያ ስላለው በተግባር ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ፓነሉ ይህችን ከረንት ሲያይ «መስመሩ አለ» ይላል። ከረንቷ ስትጠፋ ሽቦ ተበጥሷል ወይም አንድ ዕቃ ከቦታው ተነቅሏል ማለት ነው፤ የብልሽት መብራት ይበራል። ከረንቷ በአንዴ ስትጨምር ደግሞ ኮንታክት ገጥሟል ማለት ነው፤ ፓነሉ ይጮኻል።

አሠራሩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ሕጎች ሁሉ የሚመጡት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ያቺ ከረንት በየት በኩል ነው የምትሄደው? የሄደችበት ሽቦ ይጠበቃል። ያልሄደችበት አይጠበቅም።

ሬዚስተሯን ፓነሉ ውስጥ ተርሚናሉ ላይ አስሮ መሄድ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ፓነሉ አረንጓዴ ያሳያል፣ ብልሽት የለም ይላል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ከረንቷ ግን ከተርሚናሉ ወጥታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሳትርቅ ትመለሳለች። ወደ ፎቁ የሚወጣው ሽቦ ሁሉ ቢቆረጥ ፓነሉ አያውቅም። ይህን የሚያደርግ ሰው ብልሽቱን አልጠገነም፤ የሚያወራውን አፍ ነው የዘጋው። ሬዚስተር ፓነሉ ላይ መታሰር ያለበት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ምንም ዕቃ ያልተገናኘበት ባዶ ዞን (ከፓነሉ የሚወጣ አንድ መስመር) ሲኖር።

ሁለተኛው ጥፋት መሃል ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሽቦ እያለፈ ነው፤ አንድ ክፍል ተረስቷል፤ ከመሃል ቀጥሎ ወደዚያ ክፍል መሳብ ይቀላል። ዲቴክተሩ ይሠራል፣ ጭስ ሲነፉበትም ይጮኻል። ነገር ግን ዋናው መስመር ወደ ሬዚስተሯ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ቅርንጫፉ ከመንገዱ ውጭ ነው። ቅርንጫፉ ሲበጠስ ማንም አይሰማም። ትክክሉ ሽቦውን ወደዚያ ክፍል ወስዶ መልሶ ማምጣት ነው። ገመድ ይፈጃል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሦስተኛው ለዓይን የማይታይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ሽቦው ወደ አንድ ዕቃ ሲደርስ አንዳንዱ ባለሙያ አይቆርጠውም። ላስቲኩን ብቻ ልጦ፣ ሽቦውን ጠምዝዞ ከብሎኑ ሥር ያስገባውና ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ንጹሕ ሥራ ይመስላል። አሁን ብሎኑ በጊዜ ብዛት ላላ እንበል። ዕቃው ከሽቦው ተለያየ፤ ሽቦው ግን አልተቆረጠምና ከረንቷ ሳትቋረጥ ታልፋለች። ፓነሉ ሁሉም ሰላም ነው ይላል፤ ዲቴክተሩ ሞቷል። ሽቦው ተቆርጦ የሚገባውና የሚወጣው ለየብቻ በየራሱ ቦታ ቢታሰር ኖሮ፣ መላላቱ ከረንቷን ያቋርጥና ብልሽት ይታይ ነበር። ብዙ ዲቴክተሮች ለመግቢያና ለመውጫ የተለያየ ተርሚናል ያላቸው ለዚህ ነው። ተርሚናሉ የበዛው ለጌጥ አይደለም።

የሬዚስተሩ መጠን እንደ ፓነሉ ይለያያል። 4.7 ኪሎ ኦም በብዛት ይታያል፤ 3.9፣ 6.8 እና 10 ኪሎ ኦም የሚፈልጉም አሉ። በሬዚስተር ፋንታ ካፓሲተር ወይም ሌላ ልዩ ማብቂያ የሚጠቀሙም አሉ። መመሪያው ያለውን ማድረግ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ብሎ መተካት የለም። ቀለማቱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ባለ አራት ቀለሙ 470 ኦም ቢጫ፣ ሐምራዊና ቡናማ ነው። 4.7 ኪሎ ቢጫ፣ ሐምራዊና ቀይ ነው። 47 ኪሎ ቢጫ፣ ሐምራዊና ብርቱካናማ ነው። የሚለያዩት በሦስተኛዋ ቀለም ብቻ ነው፤ ሦስቱም ደግሞ በዚሁ ሥራ ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ። በደብዛዛ ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው አይለዩም። ከማሰር በፊት በመልቲሜትር መለካት አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ሾርት እሳት ነው ወይስ ብልሽት?

እስካሁን ሦስት ሁኔታ አየን፦ ሰላም፣ መበጠስ፣ መግጠም። በዚህ አሠራር ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በእርስ ቢነካኩ ፓነሉ እሳት ነው ብሎ ይጮኻል። ኮንታክት ገጠመም፣ ሚስማር ገመዱን ወጋውም፣ ለፓነሉ ያው ነው። በአሜሪካው አሠራር በተለመዱት ባለ ዞን ፓነሎች ላይ ይህ የታወቀ ነው። ስህተት ከሆነ ወደ መጮህ ይሳሳት የሚል ሐሳብ አለበት፤ መጥፎ ሐሳብም አይደለም።

በአውሮፓ ግን ሌላ መንገድ ተለምዷል። የእሳት ቁልፉ ኮንታክት ጋር በተከታታይ አንድ ትንሽ ሬዚስተር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ 470 ወይም 680 ኦም። ቁልፉ ሲጫን መስመሩ ወደ ዜሮ አይወርድም። 680ው ከመጨረሻዋ 4,700 ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ወደ 594 ኦም ይመጣል። አሁን ፓነሉ አራት ነገር ይለያል። 4,700 ገደማ ሲያይ ሰላም፣ 600 ገደማ ሲያይ እሳት፣ ዜሮ ገደማ ሲያይ ሾርት፣ ምንም ሳያይ ሲቀር መበጠስ። ሚስማር ገመዱን ሲወጋ ሕንፃው ሙሉ ወደ ውጭ አይሮጥም፤ የብልሽት መብራት ብቻ ይበራል።

እኔ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሰው በከንቱ በወጣ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ የመውጣት ፍላጎቱ ይቀንሳል። ግን ምርጫው የእኛ ሳይሆን የፓነሉ ነው። አንዱ ፓነል ላይ እሳት የሆነው ሌላው ላይ ብልሽት ነው። ለአንዱ የተሠራ ቁልፍ ነቅሎ ሌላው ላይ መግጠም አደጋ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሬዚስተር የሌለው ቁልፍ ሾርትን ብልሽት ብሎ በሚተረጉም ፓነል ላይ ከተገጠመ፣ ሰው መስታወቱን ሰብሮ ሲጫን ፓነሉ «ሽቦ ተበላሽቷል» ይልለታል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ከፓነል ጋር የሚገናኝ ኮንታክት ሁሉ እሳት ለመናገር አይደለም። የውሃ መርጫ ቧንቧ ላይ ሁለት ዓይነት ማብሪያ ይገጠማል። አንዱ ውሃ ሲፈስ የሚገጥም ነው፤ ይህ እሳት ነው። በአሜሪካው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደንብ፣ በኤንኤፍፒኤ 72 መሠረት፣ ውሃው መፍሰስ ከጀመረ በ90 ሰከንድ ውስጥ ማስጠንቀቂያው መድረስ አለበት። ሌላው የዋናው ቫልቭ መዘጋትን የሚናገር ነው። ቫልቭ ተዘጋ ማለት እሳት ተነሳ ማለት አይደለም፤ እሳት ቢነሳ ውሃ የለም ማለት ነው። ይህ ለብቻው የሚታይ ሦስተኛ ዓይነት ምልክት ያስፈልገዋል። ከእሳቱም፣ ከብልሽቱም የተለየ። አንዳንዱ ባለሙያ የቫልቩን ማብሪያ ከመጨረሻዋ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ያስገባዋል። ቫልቩ ሲዘጋ መስመሩ ይበጠስና የብልሽት መብራት ይበራል። ያየው ሰው የሽቦ ችግር ነው ብሎ ነገ እናያለን ይላል፤ ሕንፃው ያለ ውሃ ያድራል።

አድራሻ ባላቸው ዘመናዊ ፓነሎች ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስላለው ፓነሉ በስም እየጠራ ይጠይቀዋል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የውጭ ኮንታክት የሚያነበው ሞጁል ሲመጣ የድሮው ሕግ ይመለሳል። ፓነሉ ሞጁሉን ይጠይቃል፤ ከሞጁሉ ወዲያ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ግን ሞጁሉ ራሱ ነው፣ በራሱ ሬዚስተር። ብዙ ጊዜ 47 ኪሎ ኦም ነው። እሷም ሞጁሉ ላይ ሳይሆን ማብሪያው ጋ መታሰር አለባት።

ፓነሉ ብልሽትን በስንት ጊዜ ውስጥ ይናገር? በአውሮፓው ደረጃ፣ በኢኤን 54 ክፍል 2፣ በ100 ሰከንድ፣ በኤንኤፍፒኤ 72 በ200 ሰከንድ ውስጥ። ሽቦ ነቅለው ወዲያው ካልጮኸ ተስፋ አይቁረጡ፤ እንደ ደንቡ እስከ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጠብቁ።

ሬሌው፦ ክትትሉ የሚያልቅበት ቦታ

ወደ መውጫው እንሂድ። ለሳይረኖች የሚሆነው መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ክትትል አለው። ዘዴውም ያምራል። በሰላም ጊዜ ፓነሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጦ ይልካል። እያንዳንዱ ሳይረን ውስጥ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ስላለ ከረንቱን ይዘጋል፤ የምታልፈው በመጨረሻዋ ሬዚስተር በኩል ያለችው ብቻ ናት። እሳት ሲመጣ ፓነሉ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ዳዮዶቹ ይከፈታሉ፣ ሳይረኖቹ ይጮኻሉ። እዚህ ላይ የገመድ ርዝመት መታሰብ አለበት። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 12 ኦም ገደማ አለው። 100 ሜትር ሄዶ 100 ሜትር ሲመለስ 2.4 ኦም ነው። 1 አምፔር የሚወስዱ ሳይረኖች መጨረሻው ላይ ካሉ 2.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል።

ሬሌ ግን ሌላ ነገር ነው። ሬሌ ሦስት ተርሚናል ያለው ደረቅ ኮንታክት ነው። ከፓነሉ ምንም ቮልት አይወጣበትም። አንዱ የጋራ ነው፣ አንዱ በእረፍት ጊዜ ክፍት፣ አንዱ በእረፍት ጊዜ ዝግ። ፓነሉ የሚያውቀው ኮይሉን፣ ማለትም ኮንታክቱን የሚስበውን የሽቦ ጥቅል፣ ማዘዙን ብቻ ነው። ከኮንታክቱ ወጥቶ ወደ ፋን፣ ወደ በር፣ ወደ ሊፍት የሚሄደው ሽቦ ቢቆረጥ ፓነሉ አያይም። ሰሌዳው ላይ «የፋን ሬሌ ሠርቷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፋኑ መቆሙን ግን ማንም አላረጋገጠም።

ስለዚህ ሬሌ ሲገናኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሽቦ ቢበጠስ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። የሚበጠሰው ሽቦ ወደ ደህናው ጎን እንዲያጋድል አድርገን ካገናኘነው ክትትል ባይኖረውም ራሱን ያጋልጣል።

የእሳት በሮችን ከፍቶ የሚይዘው ማግኔት ጥሩ ምሳሌ ነው። ኃይሉ በእረፍት ዝግ በሆነው ኮንታክት በኩል ያልፋል። እሳት ሲመጣ ኮንታክቱ ይከፈታል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ በሩ ይዘጋል። ሽቦው ቢበጠስም በሩ ይዘጋል። ጠዋት የመጣ ሰው በሩ አልያዝ አለኝ ብሎ ይናገራል፤ ብልሽቱ በዚያው ይታወቃል። አየር ማዘዋወሪያ ፋንን ማቆምም እንዲሁ ነው፤ በእረፍት ዝግ የሆነው ኮንታክት የፋኑ መቆጣጠሪያ መስመር ውስጥ ይገባል። ሽቦ ሲበጠስ ፋኑ ይቆማል፣ ሕንፃው ይሞቃል፣ ቅሬታ ይመጣል።

በእሳት ጊዜ መነሳት ያለበት ዕቃ ሲመጣ ግን ይህ ብልሃት አይበቃም። ደረጃው ውስጥ ጭስ እንዳይገባ አየር የሚገፋው ፋን እንዲህ ነው። በእረፍት ክፍት በሆነ ኮንታክት ካስነሣነው፣ የተበጠሰ ሽቦ ማለት በእሳት ጊዜ የማይነሣ ፋን ነው፤ በሰላም ጊዜም ምንም ምልክት አይሰጥም። ፋኑ በሰላም ጊዜም ቆሟልና ማንም ልዩነቱን አያይም። ሙሉ ሥርዓቱ ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ መስመር ቢኖር ይኸኛው ነው። ሰዎች የሚያመልጡበት መንገድ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መደረግ አለበት። አንደኛ፣ ሬሌውን ከፓነሉ አውጥቶ ፋኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን አጠገብ ማስቀመጥ። ኤንኤፍፒኤ 72 ከሚቆጣጠረው ዕቃ በ1 ሜትር ገደማ ውስጥ ይሁን ይላል። ከፓነሉ እስከ ሬሌው ያለው ረጅም መስመር ልክ እንደ ሳይረን መስመር ክትትል ባለው መውጫ ይሄዳል፤ ኮይሉ ጋ በተከታታይ ዳዮድ፣ ከሁለቱ ጎን ለጎን ደግሞ የመጨረሻዋ ሬዚስተር። ክትትል የሌለው ያቺ አጭር ሜትር ብቻ ትሆናለች። ሁለተኛ፣ ፋኑ መነሣቱን የሚናገር ነገር ወደ ፓነሉ መመለስ። ከኮንታክተሩ፣ ማለትም የፋኑን ኃይል ከሚያበራው ትልቅ ሬሌ፣ ረዳት ኮንታክት ሊሆን ይችላል። በአየር ቱቦው ውስጥ አየር መንቀሳቀሱን የሚያይ ማብሪያ ከሆነ የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም ኮንታክተሩ ገጥሞ ቀበቶው የተበጠሰ ፋን አየር አይገፋም። ይህ መልስ ክትትል ባለው ግብዓት ላይ ይገባል። ያኔ ፓነሉ አዝዞ ዝም አይልም፤ አዝዞ ይጠብቃል፣ መልስ ካላገኘ ይናገራል።

የብልሽት ሬሌው ከሌሎቹ የተለየ ጠባይ አለው። በሰላም ጊዜ ኮይሉ ኃይል አግኝቶ ተስቦ ይቆያል። ብልሽት ሲመጣ ይለቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፓነሉ ጨርሶ ኃይል ቢያጣ ሬሌ ለመሳብ አቅም አይኖረውም፣ መልቀቅ ግን ኃይል አይጠይቅም። ግራ የሚያጋባው ጽሑፉ ነው። አንዳንዱ ፓነል ተርሚናሉን የሚሰይመው ኃይል በሌለበት ሁኔታ ነው፤ ሌላው በሰላም በሚሠራበት ሁኔታ። ጽሑፉን ከማመን ፓነሉን አብርቶ፣ ሁሉም ሰላም ሲሆን በመልቲሜትር መለካት ይሻላል። ከዚያ ዋናውን ኃይልም ባትሪውንም ነቅሎ መቀየሩን ማየት።

ኮንታክቱ የሚችለው ከረንትም ልክ አለው። በብዙ ፓነሎች ላይ 2 አምፔር በ30 ቮልት ዲሲ የሚል ይጻፋል፤ ይህ ለተራ ጭነት ነው። ኮይል ያለው ነገር፣ ማለትም ማግኔት፣ ሌላ ሬሌ፣ ሶሌኖይድ፣ ሲቋረጥ ከፍተኛ ቮልት ይተፋል። ኮንታክቱን ያቃጥላል፤ ሲብስም ያጣብቀዋል። የተጣበቀ ኮንታክት በሩን አይለቅም። በዲሲ ላይ 1ኤን4007 የተባለችው ርካሽ ዳዮድ ኮይሉ ላይ በቀጥታ ትታሰራለች፤ ነጭ መስመር ያለው ጫፏ ወደ ፖዘቲቭ። ክትትል ባለው መውጫ ላይ ከሆነ ግን ከተከታታዩ ዳዮድ ወዲያ፣ ከራሱ ከኮይሉ ላይ ትሁን። አለበለዚያ ፓነሉ አቅጣጫውን ገልብጦ ሲልክ በእሷ በኩል ሾርት ያያል። በኤሲ ላይ ዳዮድ አይሆንም፤ የሬዚስተርና ካፓሲተር ጥምር ያስፈልጋል።

የ220 ቮልት መስመር ደግሞ በፓነሉ ሬሌ በኩል ማሳለፍ እኔ አልመክርም፤ ኮንታክቱ እችላለሁ ቢልም። መካከል ላይ ሌላ ሬሌ በራሱ ሳጥን ይግባ። ፓነል የሚከፍት ሰው 24 ቮልት ነው ብሎ እጁን ይከታል፤ እዚያ ውስጥ 220 ሊያገኝ አይገባም።

ባትሪውን ከረሳን ስሌቱ ይፈርሳል። ኤንኤፍፒኤ 72 መብራት ጠፍቶ 24 ሰዓት መቆየትን፣ ከዚያም ለ5 ደቂቃ መጮህን እንደ መነሻ ይጠይቃል። 10 የበር ማግኔቶች እያንዳንዳቸው 60 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ በ24 ሰዓት 14.4 አምፔር ሰዓት ይበላሉ። ለበር ብቻ! ማግኔቶቹን ባትሪ ከሌለው የተለየ ኃይል መስጠት ይሻላል። መብራት ሲጠፋ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ምንም አይጎዳም።

ሲፈተሽ

ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ሕንፃው ውስጥ ላሉትና ምልክቱን ከሩቅ ለሚቀበለው ክፍል ይነገር። የገመዱን ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት የሚለካው ዕቃ የሚያዘው ዲቴክተሮቹ፣ ሞጁሎቹና ፓነሉ ከመገናኘታቸው በፊት ነው፤ ከተገናኙ በኋላ ያቃጥላቸዋል።

ከዚያ በየዕቃው አንድ ሽቦ እየነቀሉ ብልሽት መምጣቱን ማየት። ጫፉ ላይ ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ቅርንጫፍና ያልተቆረጠ ሽቦ የሚገኙት በየቦታው ሲነቀል ነው። ሁለቱን ሽቦዎች ማነካካትና ፓነሉ የሚለውን መመዝገብ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመሬት ጋር ማነካካትና የመሬት ብልሽት ማየት። መስመሩን ከፓነሉ ነቅሎ ኦሙን ከፓነል በኩል መለካትና በፓነሉ በር ውስጥ መጻፍ፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የሚያወዳድረው ቁጥር ያገኛል።

የሬሌው ፍተሻ ደግሞ ፓነሉ ፊት ቆሞ አይሆንም። አንድ ሰው ፓነሉ ጋ፣ አንድ ሰው ፋኑ ጋ፣ አንድ ሰው በሩ ጋ ይቁም። ሊፍቱ ወደተባለበት ፎቅ መውረዱን የሚያይ ይኑር። ለፍተሻ ተብለው የተዘጉ መውጫዎች ካሉ፣ ሥራው ሲያልቅ አንድ በአንድ ተመልሰው መከፈታቸውን ፓነሉ ላይ አይቶ መሄድ ነው።